የኔታ ጎማ እና አርባ ሁለቱ ዳገት

እንድሪስ ከሞጣ ደውሎ «የኔታ ዐረፉ» ሲለኝ እሱ እዚያ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ፣ ስልኩን ጆሯችን ላይ እንደያዝን መሳቅ ጀመርን። ሰው ሞቶ አይሳቅም፤ እሱን አላጣሁትም። ባለቤቴም ከጓዳ ብቅ ብላ «ምነው፣ ጤና የለህም?» አለችኝ። ግን የኔታን የሚያውቅ ሰው ሞታቸውን ሲሰማ ቀድሞ የሚመጣበት የነጠላቸው ጫፍ በብስክሌት ሰንሰለት ተነክሶ፣ እሳቸው ወደ ፊት፣ ነጠላው ወደ ኋላ ሲጓተቱ ነው። ለቅሶው በኋላ ራሱን ችሎ መጣ።

ስማቸው ልሳነወርቅ ነበር። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ አስተማሪ ሆኜ ቢቸና ስመደብ፣ እሳቸው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ዕድሜያቸው አርባን ተሻግሯል፤ ትዳር የላቸውም። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጠው፣ መምህር ሊሆኑ ጥቂት ሲቀራቸው ትተው ወጥተዋል። ለምን እንደተዉት ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸው መልሳቸው አንድ ሆኖ አያውቅም። አንዴ ዐይኔን አሞኝ ነው ይላሉ፤ አንዴ ከመምህሬ ተጣልቼ ነው ይላሉ፤ አንዴ ደግሞ ኮስተር ብለው የጎጃም ውሻ መቆሚያ ነስቷቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ቁራሽ ለመለመን ደጅ ለደጅ የዞረ የቅኔ ተማሪ በዚህ መልስ አይስቅም።

ብስክሌቱ ትምህርት ቤታችን የነበረ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ አገሩ ሲገባ የተወላቸው ነው። «ውሻ የማይደርስበት ነገር ስጠኝ እያልኩ ኖሬ እግዜር ሰጠኝ» ይሉ ነበር። አነዳዱን የተማሩት በጎልማሳ ዕድሜያቸው፣ ያውም በገበያ ቀን፣ ገበያው መሀል ነው። ስንት እንስራ እንደተሰበረ የሚያስታውሱ ሰዎች እኔ በሄድኩበት ጊዜ ገና በሕይወት ነበሩ። ከተማው «የኔታ ጎማ» ብሎ ሰየማቸው። ስሙ ሊያስቀይማቸው ነበር የወጣው፤ እሳቸው ግን ወደዱት፤ ቆይቶ ዳኛው ሳይቀሩ በዚያው ይጠሯቸው ጀመር።

አሥራ አንድ ዓመት የተማሩትን ቅኔ ምን ላይ እንዳዋሉት ልንገራችሁ። ቅኔ በቤት ይቆጠራል። ጀማሪ የሚይዘው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ከፍ ሲል ሥላሴ ስድስት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት ይሆናል። ሁለቱን ያልሞላ ተማሪ ስድስቱን አይነካም። የኔታ ይህንን ሥርዓት እንዳለ ወስደው በቢቸና ዙሪያ ያለውን መንገድ ሁሉ መደቡበት። አንድ ዳገት አንድ ቤት ነው። ከገበያው ሜዳ ተነስቶ ሁለት ዳገት ብቻ ያለው መንገድ ጉባኤ ቃና ተባለ፤ ገና እግሩ ፔዳል ለሚፈልግ ሰው የተሰጠ። ወደ ደብረ ወርቅ መንገድ እኩሌታ ድረስ ሄዶ የሚመለሰው፣ ስድስት ዳገት ያለው፣ ሥላሴ ሆነ። መወድስ በምሥራቅ በኩል ወጥቶ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ የሚያደርስ ነው። ስምንተኛው ዳገት ላይ የወጣ ሰው የሚናገረውን ስለማያውቅ፣ በዚያ ሰዓት የተናገረው ሁሉ ይቅር ይባልለታል።

በዚህም አላበቁም። ቅኔ ሰምና ወርቅ እንዳለው መንገድም አለው ባይ ናቸው። ላቡ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ከላይ ሆነህ የምታየው ነው። በጉባኤ ቃናው ሁለተኛ ዳገት ጫፍ ላይ ፊትህን ወደ ምዕራብ ስትመልስ ጮቄ ከነደመናው ይታያል። በሥላሴው ላይ የጤፉ ማሳ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ ታያለህ። መወድሱ ላይ መሬቱ ከእግርህ ሥር ድንገት ያልቅና ከገደሉ ማዶ የወሎ ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ይደረደራሉ። ተማሪው ሲመለስ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ምን አየህ?» ያላየ ሰው መንገዱን አለፈ አይባልም፤ ይመለሳል።

እኔ የመጀመሪያውን ጉባኤ ቃና ጨርሼ፣ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ስመለስ፣ «ምን አየህ?» አሉኝ። የፊተኛውን ጎማ አልኳቸው። እውነቴን ነበር። «እሱማ እታችም ነበረ፤ ተመለስና እንደገና ውጣው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በሦስተኛው ጮቄን አያለሁ ብዬ ቀና ስል እሾህ አጥር ውስጥ ገባሁ። እሾሁን እየነቀሉልኝ በደስታ አሳለፉኝ።

አንድ ጉድለት ግን አልለቀቀኝም። ያለ ድንጋይ መውጣትም መውረድም አልችልም ነበር። ከረዘመ ድንጋይ ላይ ቆሜ እወጣለሁ፤ ስወርድም ድንጋይ ፈልጌ እግሬን አሳርፋለሁ፤ ድንጋይ ከሌለ እስክወድቅ እሄዳለሁ። ይህ ደግሞ በየኔታ ሥርዓት ትልቅ ችግር ነው፤ የበቅሎ ደንብ ለብስክሌትም ይሠራል ይላሉና። ሽማግሌ ስታገኝ ትወርዳለህ፤ ቤተ ክርስቲያን ስታልፍ ወርደህ ትሳለማለህ፤ ለቅሶ ቤት ስታልፍ ወርደህ ትገፋለህ። ለአንዱ ሽማግሌ ወርጄ መውጫ ድንጋይ እስካገኝ ሌላው ሽማግሌ ይደርሳል። በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር መልካም መልካም ድንጋይ ስላለ አዘውትሬ የምቆመው እዚያ ነው። ሰዉ ይህንን እያየ «ይህ አስተማሪ እንዴት ያለ መንፈሳዊ ልጅ ነው» ማለት ጀመረ። እኔም አላስተባበልኩም።

ብስክሌቱን የምከራየው ከእንድሪስ ነበር። እንድሪስ የሞጣ ልጅ ነው፤ ቢቸና የጨርቅ ሱቅ ከፍቶ በበሩ ላይ አምስት የኪራይ ብስክሌት ያቆማል። ጉልበቱ የጉድ ነው። ከየኔታ ተማሪዎች መወድስ የደረሰ እሱ ብቻ ነበር። ሙስሊም ሆኖ መወድስ መድረሱ ከተማውን ሲያስቅ ከረመ፤ እውነተኞቹ የቅኔ ተማሪዎች እንኳ በሱቁ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱታል። እሱም ሁለት ቤት ያልሞላችሁ ከደጄ ዞር በሉ እያለ ይቀልድባቸዋል። ሌላው ተማሪ የየኔታ የነፍስ አባት መምሬ ተገኝ ናቸው፤ ወፍራም፣ ደግ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ቄስ። ጥምጣማቸውን አገጫቸው ሥር በገመድ ያስሩና ይወጣሉ። ዳገት ላይ ወርደው ይገፋሉ፤ ዳገት የንስሐ ስለሆነ በእግር ነው ይላሉ። ቁልቁለት ላይ ግን «በስመ አብ» ብለው ይለቁታል። ፍሬን መያዝ እምነት ማጉደል ይመስላቸው ነበር። ደረጃቸው ሥላሴ ነው፤ ዝቅ ያለውን እንቢ ብለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የኔታ ይወዱ ነበር። የሚወዷቸው ወይዘሮ የሺመቤት ይባላሉ፤ የሞጣው የግራዝማች አድማሱ ልጅ ናቸው። በእናታቸው ወገን ቢቸና አጠገብ ላላቸው ርስት ክርክር ፍርድ ቤት መጥተው መዝገብ ጠየቁ። የኔታ መደርደሪያው ላይ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ወዲያው አወጡላቸው። ወይዘሮዋ አመስግነው ሄዱ። የኔታ «ምነው ትንሽ ብፈልገው» እያሉ አንድ ዓመት ሙሉ ተጸጸቱ። ሁለተኛ ሲመጡ ግን በቂ ጊዜ ፈለጉት፤ በዚያም ላይ ስለ ብስክሌት ጨዋታ ተነሳ፣ ሳቅም ተጨመረ፣ ልብ ለልብ ተገናኙ።

ግራዝማች ግን ፈረሰኛ ናቸው። በጉግስ ስማቸው ሞጣን አልፎ የተሰማ ሰው ናቸው። የኔታ የላኩባቸውን የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች «ልጄን በጎማ ለሚሄድ ሰው አልሰጥም፤ መንገድ ላይ ቢተነፍስስ?» ብለው መለሷቸው። የኔታ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። ጥያቄው ልክ ነው ብለው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርፍ የጎማ ካላማዳሪያ ትከሻቸው ላይ ሳያጠልቁ ከቤት አይወጡም ነበር።

በጥር ወር አንድ ሐሙስ የእንድሪስ ወንድም ከሞጣ ላከ። እሑድ የአንድ ሀብታም ባላባት ሽማግሌዎች ግራዝማች ቤት ሊገቡ ነው፤ ግራዝማችም ቃላቸውን ሊሰጡ ቆርጠዋል። ከእሑድ በፊት ካልተደረሰ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የጭነት መኪናው ረቡዕ አልፏል፤ የሚመለሰው በሳምንቱ ነው። በቅሎ ሁሉ ለሠርግ ተይዟል። የኔታ የእንድሪስ ሱቅ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው ካላማዳሪያውን በጣታቸው ይጠቀልሉ ነበር። እንዲህ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም።

መላ ያመጡት መምሬ ተገኝ ናቸው። «ብስክሌት አለ አይደል እንዴ? ሽማግሌ በብስክሌት አይሂድ የሚል መጽሐፍ አላየሁም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ማን ይሁኑ ሲባል እሳቸው፣ እንድሪስና እኔ። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ ሽማግሌ ሆንኩ፤ ሌላ ብስክሌት የሚችል ሰው ስላልተገኘ ነው።

የኔታ ሳቅ እያሉ ተነሱ። የሞጣን መንገድ ከዚያ በፊት ቆጥረውት ኖሯል፤ ወይዘሮ የሺመቤትን ካወቁ ወዲህ ሌላ ምን ሥራ አላቸው? አርባ ሁለት ዳገት ነው። አርባ ሁለት ቤት ያለው ቅኔ የለም። መሬት ላይ በጣታቸው እየጻፉ ከፋፈሉት። ለእኔ ሃያ አንድ ጉባኤ ቃና ሆነ፤ ሁለት ዳገት ወጥቼ ዐረፍ እላለሁ። ለመምሬ ሰባት ሥላሴ ወጣ። ለእንድሪስ አምስት መወድስ ሆኖ በመጨረሻ ሁለት ዳገት ተረፈው። «እሷን እንደ ጉባኤ ቃና ዋጣት» አሉት። መንገዱ አንድ ነው፤ እንደየአቅማችን ግን ሦስት ሆነ። እኔ ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ፣ መምሬ ፀሐይ ስትሞቅ፣ እንድሪስ ረፋድ ላይ ሱቁን ዘግቶ፤ ማታ ግንደ ወይን አንድ ላይ እንገባለን። የኔታ ራሳቸው ከሦስታችን መሀል እየተመላለሱ ይጠብቁናል። በዚህ ምክንያት ያንን መንገድ እኛ አንድ ጊዜ ስንሄደው እሳቸው ሁለት ጊዜ ያህል ሄደውታል።

ያልገመትነው ነገር ቢኖር የዓርቡ የአስተርእዮ ማርያም መንገደኛ ምን ያህል እንደሚሆን ነው። ደብረ ወርቅ ማርያም ልትነግሥ አገር ምድሩ መንገድ ላይ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሽማግሌ ነው። ወረድኩ። ድንጋይ ፈለግሁ። ወጣሁ። ወረድኩ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ገና አራተኛው ጉባኤ ቃና ላይ ነበርኩ፤ ከኋላዬ የመምሬ ጥምጣም ይታየኝ ጀመር። አለቀልኝ ብዬ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለሁ የኔታ ደረሱ። ሁኔታዬን አይተው ድንጋይ ላይ አውጥተው ገፉኝና ራሳቸው ወደ ፊት ቀደሙ። ሽማግሌ ባገኙ ቁጥር ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ዝቅ ብለው እጅ ይነሳሉ። «ከኋላዬ ያለው ልጅ መውረድ አይችልም። ስለ እሱም የወረድኩት እኔ ነኝ» ይላሉ።

እኔ በመሀል አልፋለሁ። ሽማግሌዎቹ በነጭ በነጭ ለብሰው፣ ግራና ቀኝ ቆመው፣ «እግዜር ያውርድህ፣ ልጄ» እያሉ ይመርቁኛል። ከደብረ ወርቅ ወዲህ ያለውን ዳገት ሁሉ በምርቃት ወጣሁት። እየሳቅሁ ስለነበር ግማሹን መንገድ በቅጡ አላየሁትም። የኔታ ስንት ጊዜ እንደወረዱ እሳቸውም አልቆጠሩም።

ቅዳሜ ግን ሌላ ቀን ነው። የኪራይ ብስክሌት ኮርቻ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእኔው ስፕሪንግ ተበጥሶ በላዩ ማዳበሪያ ጆንያ ታስሮበታል። እስከ እኩለ ቀን ታገስኩ። ከዚያ በኋላ ቆሜ ነዳሁ። ወደ ኋላ ዞር ስል መምሬም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቆመው ነው የሚነዱት። እንድሪስ መወድስ የደረሰው ጀግና ሳይቀር ፊቱን አጨማዶ በአንድ ጎኑ ተቀምጧል። ሁላችንም ሕመማችንን በጨዋነት ደበቅን፤ ሽማግሌ ነንና። የኔታ በየጉባኤ ቃናው ጫፍ «ምን አየህ?» ማለታቸውን አልተዉም ነበር። በቀኝ የዓባይ በረሃ እንደ ጭስ ሆኖ ይታያል፤ በግራ ጮቄ እየራቀ ነው። ሁለቱንም አየሁ፣ ነገርኳቸውም።

ከሞጣ በፊት ባለው በመጨረሻው ዳገት ሥር አንድ ዋርካ አለ። አግቢው ከሽማግሌዎች ጋር አይገባምና የኔታ እዚያ ቆሙ። አቧራችንን አራገፉልን፤ የመምሬን ጥምጣም አስተካከሉ፤ የእኔን ኮሌታ ሳቡት። ከዚያ እንደገና ከመምሬ ጀመሩ።

«አርባ አንዱን ቤት አድርሻችኋለሁ» አሉ። «ይህቺን አንዷን እናንተ ሙሉልኝ።»

ከሆነ ከላይ ጀምረን ቃጭል እያቃጨልን እንድንመጣ፣ ካልሆነ ዝም ብለን እየገፋን እንድንወርድ ተስማማን።

የግራዝማች አዳራሽ ሰፊ ነው፤ መደቡ ላይ የበግ አጎዛ ተነጥፏል፤ ግድግዳው ላይ የብር ጌጥ ያለበት የፈረስ ዕቃ ተሰቅሏል። ግራዝማች ረጅም፣ ሸበቶ፣ ዐይናቸው የሚወጋ ሰው ናቸው። ተቀመጡ አሉን። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር እንደማይቀመጥ የታወቀ ነው፤ መምሬ ተገኝ የመጣንበትን ሳይሰሙን አንቀመጥም አሉ። በሕይወቴ ሥርዓትን እንደዚያ ቀን ወድጄ አላውቅም። መምሬ ተናገሩ፤ ንግግራቸው ያምር ነበር፤ በየመሀሉ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግራቸው ይቆማሉ።

ግራዝማች ሰምተው ሲጨርሱ ከራሳችን እስከ እግራችን አዩን። «መልካም፤ ሰምቻለሁ። አሁን ተቀመጡ» አሉ። ሦስታችንም አጎዛውን አየነው። በአገሩ ልማድ አሁን ተቀምጠን ጠላ ጠጥተን፣ እስቲ ላስብበት፣ ተመለሱ ተብለን መሄድ ነበረብን።

«መልሱን ሳንሰማ አንቀመጥም» አለ እንድሪስ።

ግራዝማች ቅንድባቸውን አነሱ። «መልሱ እኮ እስከ ፋሲካ ሊቆይ ይችላል።»

«እንቆማለን» አሉ መምሬ።

ግራዝማች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ልባቸውን ነካን፣ ሰውየው አለቀሱ ብዬ እኔም ዐይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጓዳ ገቡ። እኛ ቆመን ቀረን፤ ጠላ ቀረበልን፤ ቆመን ጠጣን። ሲመለሱ ፊታቸው ታጥቧል። ልጄን ሰጥቻለሁ፣ አሁንስ ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ አሉ። እሺ ከተባለ በኋላ አልቀመጥም ማለት ነውር ነው፤ ተቀመጥን። መምሬ ተገኝ ሲቀመጡ ያወጡትን ድምፅ ቤተሰቡ ምርቃት መስሎት «አሜን» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስታውስ አሁንም ሆዴን ይዤ ነው። ከዳገቱ ጫፍ ላይ ሦስታችንም ቃጭላችንን ይዘን ተለቀቅን። መምሬ ፍሬን አይነኩም፤ እንድሪስ ከደስታው ረሳው፤ እኔ ደግሞ መቆሚያ ድንጋይ የለኝም። ከታች የኔታ ከዋርካው ሥር ተነስተው እጃቸውን ዘርግተው መንገዱ መሀል ቆመዋል። እንደ ውኃ በግራና በቀኛቸው አለፍን። ቃጭሉን ሰምተዋል፤ ግን ሰው ከቃጭል ይልቅ ቃል ነውና የሚያምነው፣ ነጠላቸውን እየጎተቱ ከኋላችን ይሮጡ ጀመር። «ምን አሉ? እናንተ ሰዎች፣ ምን አሉ?» ይላሉ። ወደ ኋላ ማየት ስለማልችል ድምፃቸውን ብቻ ነበር የሰማሁት። እኔ የቆምኩት የሰው የኑግ ማሳ ውስጥ ነው።

ተጋቡ። መንግሥት ሲለወጥ የኔታ ሞጣ ገቡ፤ እዚያም የከተማውን ዙሪያ መንገድ ደለደሉት፤ ጉባኤ ቃናውን መጀመሪያ ያለፉት ወይዘሮ የሺ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ እሄድ ነበር። በሄድኩ ቁጥር ያንን የሽምግልና ታሪክ አውራ ይሉኛል፤ እኔም አወራለሁ፤ በተለይ በመቁሰላችን ምክንያት መቀመጥ አቅቶን ሳለ ግራዝማች ጽናት መስሏቸው እንዴት እንደተሸነፉ ሳወራ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የኔታ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው «እሺ ውባንተ፣ ምን አየህ?» ይሉኛል። የድሮ ልማዳቸው ነው ብዬ፣ የግራዝማችን ጀርባ አየሁ እላቸዋለሁ። እሳቸውም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ለቀብሩ ሞጣ ስደርስ እንድሪስ ከዘራውን ይዞ መናኸሪያው ላይ ጠበቀኝ። መምሬ ተገኝ ከሞቱ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለት ቀርተናል። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር አመጡልኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቢሆንም መቀመጥ አልሆንልህ አለኝ። ለእኚህ ሰው ቆሜ የለመንኩ ነኝ፤ ቆሜ ልሸኛቸው ብዬ ምሰሶውን ተደገፍኩ። እንድሪስም አጠገቤ ቆመ። ሰዎች ተቀመጡ እያሉ ቢለምኑንም እንቢ አልን።

እትዬ የሺ ከሴቶቹ መሀል አዩን። ጥቁር ለብሰው፣ በሁለት ሴቶች ተደግፈው፣ ቀስ ብለው መጡ። እንባቸው ገና አልደረቀም። አንገቴን አቅፈው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«አሁንም ተልጣችሁ ነው?» አሉኝ።

እንድሪስን አየሁት፤ አፉን ከፍቷል። ያወቁት ከእኔ ወሬ ነው ብዬ እንደዚያ አልኳቸው።

«ያንተን ወሬ ከመስማቴ በፊት ነው» አሉ። «አባቴ ገና በበሩ ስትገቡ አውቀውታል። ፈረሰኛ የተላጠ ሰው አቋቋም ይጠፋዋል? ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩት ሲስቁ ነው። ጓዳ ገብተው እኔ ላይ ተደግፈው ሳቁ። ከዚያ ምን አሉኝ መሰለህ? ለዚያኛው ባላባት ነገ የሚመጡት በበቅሎ ተደላድለው ነው። ለዚህ ሰው ግን አንድ ቄስ፣ አንድ ነጋዴና አንድ አስተማሪ ተልጠው መጡለት። እንዲህ የሚወደድ ሰው ክፉ አይሆንም፤ ሂጂ፣ አሉኝ።»

የኔታ ይህን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«በሠርጋችን ማግስት ነግሬያቸዋለሁ» አሉ እትዬ የሺ። «ለእናንተ እንዳልነግር አስማሉኝ። ራሳቸው ይዩት፤ ያላየ ይመለሳል ይሉኝ ነበር።»

ስንት ዓመት ጠበቁኝ! በየዓመቱ ጠየቁኝ፤ እኔ በየዓመቱ ጀርባ አየሁ አልኳቸው። አዳራሹ መሀል ቆሜ ግራዝማች ያዩትን ሳላይ ኖሬያለሁ። ያን ለት ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ተቃቅፈን ስንስቅና ስናለቅስ የሞጣ ሰው ምን እንዳለ አላውቅም።

በማግስቱ እኔና እንድሪስ በእግራችን ወደ ዳገቱ ጫፍ ሄድን። እሱ በከዘራው፣ እኔ በእሱ ክንድ። ዋርካው ከታች ይታያል። መንገዱ አስፋልት ለብሷል፤ ቁልቁለቱ ግን ያው ነው። ብዙ ቆምን።

«ምን አየህ?» አለኝ እንድሪስ።

የኔታን፣ መንገዱ መሀል፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ አልኩት። ያን ቀን ሳልፋቸው ያላየሁትን ፊታቸውን።

«በቃ፣ አልፈሃል» አለኝ። ከዚያ መንገድ ዳር ያለውን ድንጋይ በከዘራው መታ መታ አደረገና ተቀመጥን።